ደረጃችሁን ሲሚንቶ አታልብሱት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ደረጃ ነው። ስለ ኑሮ ደረጃ አይደለም፣ እሱን የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ የምለው በእግራችን የምንረግጠውን፣ ከግቢ ወደ ቤት የሚያስገባንን የድንጋይና የሸክላ ደረጃ ነው። በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ ሰፈሩ ሁሉ ቤት ማደስ ይጀምራል። ቀለም ይቀባል፣ ግድግዳ ይለሰናል፣ ከዚያ የተረፈች ሲሚንቶ ካለች ደረጃው ላይ ትለጠፋለች። እኔን የምታናድደኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሰው ላይ ጣቴን ልቀስር አይደለም፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። እዚያ ሰፈር ደረጃ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል። የእኛ የውጭ በር ከታች ነው። ከዚያ ዘጠኝ እርከን የቤቱን ግድግዳ ይዞ ይወጣና በረንዳው ላይ ያደርሳል። የታችኞቹ አምስቱ ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ናቸው፣ የላይኞቹ አራቱ ሸክላ። አያቴ ድንጋዩ አልቆባቸው ነው ይባላል፣ እናቴ ግን ያለቀው ድንጋዩ ሳይሆን ብሩ ነው ትላለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ ብዬ አንድ ግንበኛ አመጣሁ። ደረጃው አርጅቶ ነበር። መገጣጠሚያው ተበልቶ በድንጋዮቹ መሃል ሣር በቅሏል፣ ሦስተኛው እርከን ሲረገጥ ይነቃነቃል፣ ሸክላዎቹም ጥግ ጥጋቸው ተሸርፏል። ግንበኛው አንዴ ከላይ እስከ ታች አየት አደረገው። «ይሄ ምን ችግር አለው፣ በሁለት ቀን ሙሽራ አደርግልሃለሁ» አለኝ። እውነትም ሙሽራ አደረገው። ሁሉንም ሲሚንቶ አለበሰው፣ የላይኞቹ አራቱ ላይ ደግሞ ሴራሚክ ነጠፈበት። ጎረቤት እየመጣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። አዲስ ቤት የሠራን ነበር የሚመስለው።

የመጀመሪያው ክረምት በደህና አለፈ። በሁለተኛው ሴራሚኩ ሲረገጥ እንደ ከበሮ መጮኽ ጀመረ። ሐምሌ ላይ አንዱን በጠርዙ ይዤ ሳብ ባደርገው ተነስቶ መጣ። ብቻውንም አልመጣም፣ የሸክላውን ፊት ገሽልጦ ይዞት መጣ። ገልብጬ ሳየው ሲሚንቶው ጀርባ ላይ ቀይ የሸክላ ቅርፊት እንደ ድፎ ዳቦ ቂጥ ተጣብቋል። ከሥር የቀረው ሸክላ እርጥብ ነው፤ ጣቴን ሳሽበት እንደ በሶ ይፈረፈራል። በሶ ነው ያልኩት፣ አላጋነንኩም።

ነሐሴ ላይ እናቴ ለፍልሰታ ቅዳሴ ሄዳ ስትመለስ እርጥቡ ሴራሚክ ላይ ተንሸራተተች። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን የምሬን የያዝኩት።

አንድ ጎረቤታችን የሚያውቋቸውን ሽማግሌ ግንበኛ ይዘውልን መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፣ የመጡት ለምክር ብቻ ነው። እንደዚያኛው ቆመው አላዩም፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። መዶሻቸውን አዙረው በእጀታው እያንዳንዱን እርከን ኳ ኳ አደረጉት። ሙሉ የሆነው ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ከሥሩ የተቦረቦረው ደግሞ እንደ ባዶ ጋን ነው የሚያስተጋባው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

እኔ የተዘጋጀሁት ስለ ሲሚንቶ ሊጠይቁኝ ነበር። «የምን ውሃ?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አሸንዳው ላይ በዝገት የተበላች አንዲት ቀዳዳ አለች። ከእሷ ቀጥ ብላችሁ ስትወርዱ ያችው የምትነቃነቀው ሦስተኛዋ እርከን ናት። ሲሚንቶው እዚያች ቦታ ላይ ቀድሞ ተላጥቷል፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ደግሞ የቡና ሲኒ የሚያስቀምጥ ጎድጓዳ ሠርቷል። ጥቁር ድንጋይ ነው እኮ! እዚያው ቤት ተወልጄ ስወጣ ስወርድ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁም።

ጋሼ ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። የድሮ ግንብ የተያያዘው በጭቃ ወይም በኖራ ነው። ውሃ ይገባበታል፣ በመገጣጠሚያው በኩል ደግሞ መልሶ ይወጣለታል። ላዩን በሲሚንቶ ስትደፍነው ውሃው መግባቱን አይተውም። ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ይገባል፣ ከጎን ካለው አፈርም ይመጣል። መውጫውን ግን ዘግተህበታል። ስለዚህ በሸክላው ሆድ ውስጥ ይከርማል። በጋ ሲሆን ጨዉን ይዞ ሊወጣ ይሞክራል፣ ጨዉ ከሲሚንቶው ሥር ሲቋጥር ሸክላውን እየገፋ ይፈለፍለዋል። ሸክላ ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ሌላም አለ፤ ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ የድሮ ሸክላ ለስላሳ ነው። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም፣ ሲታገሉ ደግሞ የሚሸነፈው ሸክላው ነው።

ቅዝቃዜ በሚበዛበት አገር ድንጋዩን የሚሰነጥቀው ውስጡ የሚረጋ በረዶ ነው። የእኛ ከተማ ጣጣ ዝናቡ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፣ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ቁልቁለት ላይ ላለ ደረጃ እያንዳንዱ ዶፍ ከመገጣጠሚያው ትንሽ አፈር ይዞ ይሄዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ይሄን ነው። ከላይ ሲታይ ምንም የለም፣ ከሥር ግን ድንጋዩ የተቀመጠበት እየሸሸ ነው።

ሥራውን የጀመርነው ከመስቀል በኋላ ነው። መጀመሪያ አሸንዳው ተቀየረ፣ ከዚያ ከደረጃው ጎን ውሃ የሚሄድበት ጠባብ ቦይ ተቆፈረ። እነዚህ ሁለቱ ሳያልቁ ጋሼ መሮ አላስነኩም። ቀጥሎ ሴራሚኩና ሲሚንቶው ተነሳ። ድንጋዩ ላይ የነበረው በቀላሉ ለቀቀ፣ ሸክላው ላይ የነበረው ግን ወደ ሃያ የሚጠጋ ሸክላ አበላሽቶ ነው የተነሳው። በጋዜጣ ላይ ባይጻፍ የሚሻል ነገር ያን ቀን ተናግሬያለሁ።

ሲሚንቶው ሲነሳ ሌላ ጉድ ወጣ። ያ ግንበኛ ሁሉም እርከን ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ደርቦ ነበር። አስቡት እስኪ፣ ሁሉም እኩል ከፍ ካለ የመሃሎቹ ልዩነት አይለወጥም። የመጀመሪያው እርከን ግን ከመሬት አራት ሳንቲ ጨመረ፣ የመጨረሻው ደግሞ ወደ በረንዳው አራት ሳንቲ ቀነሰ። እግር ደግሞ ሳያይ ነው የሚቆጥረው። ሁለት ሦስቴ እኩል ከወጣ አራተኛውንም እኩል ነው ብሎ ይነሳል፣ አንድ ሳንቲ ልዩነት እንኳ ያደናቅፈዋል። እናቴ የወደቀችው የት ላይ ነው? መጨረሻው እርከን ላይ። እኛ ሴራሚኩን ብቻ ነበር የከሰስነው። ደረጃ የምታሠሩ ሰዎች ሜትር ይዛችሁ ለኩ፤ የአንዱ እርከን ቁመት ሁለት እጥፍ ሲደመር የመርገጫው ስፋት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለእግር ይመቻል። ለምሳሌ ቁመቱ 16 ከሆነ መርገጫው 30። ከሁሉም በላይ ግን እኩል ይሁን።

የሚነቃነቁትን ሦስት ድንጋዮች በጠመኔ ቁጥር ጽፈንባቸው በዲጅኖ አነሳናቸው። ከሥር የነበረው አፈር እጅ ያሰምጣል። እሱን ጠርገን አወጣን፣ ገረጋንቲ የሚባለውን ጠጠራማ አፈር ሞላን፣ ውሃ እየረጨን በግንድ ጠቀጠቅነው። ድንጋዩ ሲመለስ ሙሉ ማልታ ላይ፣ ማለትም ግንብ በሚያያይዘው ልውስ ላይ፣ ነው የተቀመጠው። ይሄን ልብ በሉ። ብዙ ግንበኛ አራት አምስት ቦታ ጉብ ጉብ አድርጎ ያስቀምጥና ድንጋዩን በላዩ ይጭናል። ላዩ ቀጥ ይላል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፣ ባዶው ውሃ ያጠራቅማል፣ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። እያንዳንዱ መርገጫ ደግሞ ወደ ፊት ትንሽ እንዲያዘነብል ተደረገ። 30 ሳንቲ ላይ ግማሽ ሳንቲ ይበቃል። ውሃ ልክ ከሌላችሁ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሱበት። ወደ ፊት ከወረደ ደህና ነው፣ ከቆመ ወይም ወደ ኋላ ከሄደ አንሱት።

ለመገጣጠሚያው የገባው ማልታ ኖራ ያለበት ነው። ለሸክላው አንድ ባልዲ ሲሚንቶ፣ አንድ ባልዲ ኖራ፣ ስድስት ባልዲ አሸዋ። ለጥቁር ድንጋዩ ጠንከር ይላል፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ኖራ፣ አራት ተኩል አሸዋ። ሲሚንቶው ፒፒሲ የሚባለው፣ ለግንብና ለልስን የሚሆነው፣ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ለኮንክሪት የሚፈለገውን ኦፒሲ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ኖራውን ከዋዜማው በርሜል ውስጥ በውሃ ዘፍዝፈን አሳድረነዋል። የተፈጨና ውሃ የጠጣ ኖራ መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ ጥሬው ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንት አድርጉ። እኔ በግዴለሽነት ጓንቴን አውልቄ ሁለት ቀን ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ሽሮ በማንኪያ በላሁ።

አሮጌው መገጣጠሚያ በመሮና በመዶሻ ሁለት ሳንቲ ተኩል ያህል ወደ ውስጥ ተፈለፈለ። አንድ ወጣት ረዳት «በግራይንደር አንድ ሰዓት አይፈጅም» ብሎ ነበር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መቁረጫ ማለቱ ነው። ሞከረው፣ ሁለት ሸክላ ጠርዙን በላው፣ ጋሼ ገመዱን ነቀሉት። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ውሃ ማጠጣት፣ ማልታውን በአንዴ ሳይሆን በየአንድ ሳንቲው እየደረቡ መጠቅጠቅ ነው። ደረቅ ሸክላ ላይ ማልታ ከገባ ሸክላው ውሃውን ይጠጣውና ማልታው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ሲያልቅ በአውራ ጣት ሲጫኑት አሻራ ብቻ መተው ሲጀምር ይስተካከላል። ከዚያ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፣ ለሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል። ሰባት ቀን ሙሉ በእንጨት መወጣጫ ስንወጣ ስንወርድ የሰነበትነው ለዚህ ነው። ያ የመጀመሪያው ግንበኛ በሁለተኛው ቀን «ርገጡት» ብሎን ነበር የሄደው።

ሸክላ ስትገዙ ቀዳዳ ያለውን ለደረጃ አትግዙ። ለግድግዳ የተሠራ ነው፣ ጠርዝ ላይ ሲረገጥ ይሸረፋል። ድፍኑን ግዙ፣ የፊተኛውን ጠርዝ በጎኑ አቁማችሁ አሰልፉት። ሁለቱን አጋጩና ስሙት፤ በደንብ የተቃጠለ ይጮኻል፣ ጥሬው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። አሸዋውንም በሃይላንድ ጠርሙስ ሞክሩት። ግማሽ አሸዋ፣ ውሃ ጨምሩ፣ ወዝውዙ፣ አሳድሩት። ጠዋት ላዩ ላይ የተኛው ደለል ወፈር ካለ አሸዋው አፈር ነው፣ ሻጩ ምንም ቢምል። የእጅ መደገፊያ ብረት የምትተክሉም ከድንጋዩ ጠርዝ ራቅ አድርጉት፣ ቀለም ይኑረው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋይ ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ የብዙ ግቢ ደረጃ የሚፈርሰው በእሱ ሰበብ ነውና። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አያቴ ያሠሩት ዋናው ቤት ለእኛ ቀረ፣ ከኋላ ያሉት ሰርቪሶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ሦስት አባወራ ይኖርባቸዋል። ደረጃው ግን አንድ ነው። ሠርግም ለቅሶም የሚወጣው የሚወርደው በእሱ ነው። ታዲያ የማን ነው? እኛ «ሁሉም ይረግጠዋል» እንላለን፣ እነሱ «የናንተ ቤት ደረጃ ነው» ይላሉ፣ ለጥገና የጠየቅነው ቢሮ «ደረጃ መዝገብ ላይ የለም» አለን። እንዲህ እየተባባልን ስንት ክረምት አሳለፍን። በመጨረሻ ነገሩን የቋጨችው የእናቴ እጅ ናት። ጀሶዋን ይዛ በረንዳ ላይ ቁጭ ስትል ማንም ሳይጠራው መጣ። ወጪውን ለአራት ተካፈልን። አንደኛዋ እትዬ ጡረተኛ ስለሆኑ በገንዘብ ፋንታ የሠራተኞቹን ቁርስና ቡና ቻሉ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም በላይ ያወጡት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እዚያ አካባቢ እመላለስ ነበር። በምኒልክ ዘመን ህንድና አርመን ግንበኞች በዚህ ከተማ ብዙ ሠርተዋል፣ ከእነሱ የተማሩ የኛዎቹም እንዲሁ። በእጅ የተጠረበ ድንጋይ፣ ጠርዙ በእግር የለሰለሰ መርገጫ፣ ከብሎኬት ፍርስራሽ ጋር አንድ ላይ ተዝቆ ሲጫን አይቻለሁ። አንድ መርገጫ ለመጥረብ አንድ ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ጋሼን ጠይቁ። ወደፊት የሚፈርስ ነገር ካለ የሚመለከታቸው ሰዎች ጥርብ ድንጋዩንና ድፍን ሸክላውን ለብቻው ቢያኖሩት፣ አሮጌ ደረጃ ያለው ነዋሪም ሄዶ ቢገዛ ምን ይጎዳል? ለእኛ ሃያ ሸክላ ቀለሙና ውፍረቱ የሚመሳሰል ስናፈላልግ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል፣ ያገኘነውም ከሚፈርስ ግቢ በልመና ነው። ጠራቢም አልጠፋም። በኮብልስቶን ሥራ ድንጋይ መጥረብ የተማረ ወጣት በየሰፈሩ አለ፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ይሁን እንጂ እጁ አልረሳም። ጋዜጣችሁም ስለ ሪል ስቴት ከሚያወጣው ገጽ ላይ አንዷን ጥግ ለአሮጌ ቤት ጥገና ቢሰጥ አንባቢ አያጣም።

ሰኔ ሊገባ ነው። ሲሚንቶ የተለጠፈበት ደረጃ ካላችሁ አሁን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት፣ ባዶ ከሆነ እስከ ጥቅምት ጠብቃችሁ አስነሱት፣ እስከዚያው ግን አሸንዳችሁን ቀና ብላችሁ እዩ። የእኛ ደረጃ እስካሁን ደህና ነው። ስድስተኛው እርከን ከሌሎቹ ግማሽ ሳንቲ ከፍ ብሎ ቀርቷል፣ ጋሼም አውቀው ነው የተውት፣ ለማስተካከል ሌሎች አራት ሸክላ መስበር ነበረብን። እናቴ እዚያ ስትደርስ ግድግዳውን ያዝ ታደርጋለች።

አንድ አንባቢ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ